የአደራ ወንበር

እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። የወሩ የእድር ስብሰባ ተበትኗል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር፣ በእድሩ አዳራሽ በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ያህል በሂሳብ ምርመራ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን የእድሩ ገንዘብ ያዥ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሌላዋ እሳቸው ክርስትና ያነሷት ወጣት ናት። ከአምስት ዓመት በፊት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ምሳ የሚያበላና የሚያስጠና የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥርታ በሥራ አስኪያጅነት ትመራለች። ዛሬ ጥያቄ ይዛ መጥታለች።

ሥራ አስኪያጇ፦ ጋሼ፣ ነገር አላበዛም። ከቦርዳችን አንድ ሰው ለቀዋል። በእሳቸው ቦታ እርስዎ እንዲገቡልን ልለምንዎት ነው የመጣሁት።

ኦዲተሩ፦ ሰውየው ለምን ለቀቁ?

ሥራ አስኪያጇ፦ ባለፈው ስብሰባ አልተግባባንም። ለልጆቹ መጽሐፍ መግዣ ከተሰጠን ገንዘብ ላይ ኅዳር ወር የሠራተኛ ደመወዝ ከፍዬበት ነበር። የሁለተኛው ዙር ገንዘብ ዘግይቶብን ነው። ሲገባ ተክቼዋለሁ፤ አንድ ብር አልጎደለም። እሳቸው ግን «ቦርዱን ሳትጠይቂ እንዴት?» ብለው ተቆጡ። ሌሎቹ እኔን ደገፉ። በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላኩልን።

ኦዲተሩ፦ የደገፉሽ እነማን ናቸው?

ሥራ አስኪያጇ፦ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ናቸው። አንዷ አብሮ አደጌ ናት። ሰብሳቢው የሚዜዬ ባለቤት ነው። ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው ጋሼ። አበል እንኳ አይቀበሉም።

ኦዲተሩ፦ ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ግን ልጄ፣ በዚያ ስብሰባ የቦርድ አባል ሥራ የሠሩት የለቀቁት ሰው ብቻ ናቸው።

ሥራ አስኪያጇ፦ እኔን የሚያምኑ ሰዎች መምረጤ ጥፋት ነው?

ኦዲተሩ፦ እስቲ መልሱን ከዚህ አዳራሽ እንፈልገው። ዛሬ እዚህ ምን አየሽ?

ሥራ አስኪያጇ፦ ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበቡ። እርስዎ የወሩን ገቢና ወጪ አነበቡ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሥተው «የድንኳን ማሳጠቢያ ዋጋው በዝቷል» ብለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ከለቅሶ ቤት የተመለሰው ዕቃ ሲቆጠር ሁለት ብርጭቆ ጎድሎ ነበር፤ እሱም አከራከረ።

ኦዲተሩ፦ እኚያ እናት የሂሳብ ትምህርት የላቸውም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ሂሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ። እንዲያም ሆኖ መዝገቤን ሳያቅማሙ ይጠይቁኛል። ለምን ይመስልሻል? መዋጮው ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡት ነው፤ ድንኳኑም ነገ እሳቸው ደጅ የሚተከል ነው። ከፋይዋም ተጠቃሚዋም እሳቸው ናቸው። እድር ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያለ ለጋሽና ያለ አማካሪ የቆየው ባለቤቱ በየወሩ ከፊቱ ስለሚቀመጥ ነው። የእድሩ ዳኛ ቢያጠፋ ይሻራል፤ ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል ዓይን ዓይኑን የሚያየው ጎረቤቱ ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ የእኛስ በምን ይለያል?

ኦዲተሩ፦ የአንቺን ድርጅት ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን፣ ቢቀርብ ቦሌ ተቀምጧል። የልጆቹን ምሳ አይቀምሰውም። ምሳውን የሚበላው ልጅ ደግሞ አልከፈለበትም። ወጡ ቢቀጥን «ቀጠነ» ለማለት ይፈራል፤ ነገ ቢቀርብኝስ ይላል። እናቱም ዝም ትላለች፤ አመስግና ትሄዳለች። የከፈለው አያይም፣ የሚያየው አይናገርም። ሱቅ ቢሆን ደንበኛ ዕቃው ካልጣመው ጎረቤት ሱቅ ይገባል፤ ባለሱቁም ከገቢው ማነስ ጥፋቱን ያውቃል። አንቺ ግን ምሳው ቢበላሽም የሚያምር ሪፖርት ጽፈሽ ገንዘብ ልታገኚ ትችያለሽ። አድርገሽዋል እያልኩ አይደለም። የሚያግድሽ ግን የለም ነው የምለው።

ሥራ አስኪያጇ፦ ኅሊናዬስ?

ኦዲተሩ፦ ኅሊናሽ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ግን ያ ልጅ የሚያድረው በአንድ ሰው ኅሊና ላይ ብቻ መሆን የለበትም። አንቺ ትታመሚያለሽ፣ ትደክሚያለሽ፣ ኅዳር ላይ እንዳደረግሽው ትጣደፊያለሽ። ቦርድ ያስፈለገው በከፋዩና በተጠቃሚው መካከል ያለው ክፍተት ባዶ ስለሆነ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚወክለው በስብሰባው የሌሉትን ሁለት ሰዎች ነው፦ ገንዘቡን የሰጠውንና ምሳውን የሚበላውን። ወንበሩ የአደራ ወንበር ነው። ጓደኞችሽ ግን ተቀምጠውበት የሚወክሉት አንቺን ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ እውነቱን ልናገር ጋሼ፣ ይህ ያማል። ድርጅቱን የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ድስት ከእናቴ ቤት የመጣ ነው።

ኦዲተሩ፦ አውቃለሁ፤ ድስቱን ስትወስጂ እናትሽ ነግራኛለች። መሥራችነትሽን ማንም አይነጥቅሽም። ድርጅቱ የተመዘገበ ዕለት ግን የራሱ የሕግ ሰውነት አግኝቷል። ቢፈርስ ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው ንብረት ላንቺ አይመለስም። የወለድሽው ልጅ እንኳ ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ስም ይፈርማል፤ ይህም እንደዚያው ነው። የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ታሪክ ታውቂዋለሽ?

ሥራ አስኪያጇ፦ እንዴት አላውቅም! እኔም ይህን ሥራ የጀመርኩት የእሳቸውን ታሪክ ሰምቼ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ ያለቀ ሕዝብ አዩ፤ በመንገድ ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ።

ኦዲተሩ፦ አዎ። ያ ጅማሬ የአንዲት ሴት አንጀት ነው። ለሁለት ሕፃናት አንጀት ይበቃል፤ ለሺዎች ግን አይበቃም። ስለዚህ ድርጅት ሆኖ ተመዘገበ፤ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠና፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ተጨመረበት። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ አገር አለቀሰ፤ የልጆቹ ቤት ግን አልተዘጋም። የፊስቱላ ሐኪሟን ካትሪን ሐምሊንንም አስቢ። ከባለቤታቸው ከሬጂናልድ ጋር በ1960ዎቹ የመሠረቱት ሆስፒታል ባልየውም አልፈው፣ እሳቸውም በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አርፈው ዛሬም ሴቶችን ይፈውሳል። ታላቅነታቸው በመጀመራቸው ብቻ አይደለም። ያለ እነሱ የሚቆም ነገር ትተው ሄደዋል።

ሥራ አስኪያጇ፦ ግን ጋሼ፣ ቁጥጥር የለም አይባልም እኮ። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ ሪፖርት እናቀርባለን። የውጭ ኦዲተርም አለን።

ኦዲተሩ፦ ኦዲተር ሆኜ ስለኖርኩ ልንገርሽ። ኦዲተር የሚመጣው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ደረሰኝ ያያል፣ ናሙና ወስዶ ይፈትሻል፣ አስተያየቱን ጽፎ ይሄዳል። ኅዳር ላይ የመጽሐፉን ገንዘብ ለማንሳት ስታስቢ አጠገብሽ የለም። ባለሥልጣኑም በሺዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች አሉት፤ የአንቺን ወጥ ቤት በየሳምንቱ ሊያይ አይችልም።

የሕጉንም አካሄድ ተመልከቺ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 እጅግ ጥብቅ ነበር። በሰብዓዊ መብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች መሥራት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ፤ የአስተዳደር ወጪንም በ30 በመቶ ገደበ። ብዙ ድርጅት ሥራውን ቀየረ፣ አንዳንዱም ተዘጋ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን የ10 በመቶ ገደብ አነሣ፤ ድርጅቶች ለዓላማቸው የሚውል ገቢ በሕጋዊ ንግድ እንዲያገኙ ፈቀደ፤ እርስ በርሳቸው የሚቆጣጠሩበት ምክር ቤትም እንዲኖራቸው አደረገ። የአስተዳደር ወጪውን ግን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፦ መንግሥት እጁን ሲሰበስብ የቦርዱ ሥራ ይበዛል። ቦርዱ ካልያዘው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሥራ አስኪያጇ፦ እንግዲያስ የቦርድ ሥራ ምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። ሰብሳቢያችን አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ ሠሪዋን ያዛል፤ ትልቁ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ «አንቺ ታውቂያለሽ» ይለኛል።

ኦዲተሩ፦ ተገልብጦባችኋል። የቦርድ ሥራ አምስት ነው። የድርጅቱን ዓላማ ይጠብቃል። ዓመታዊ ዕቅድና በጀት መርምሮ ያጸድቃል። ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል፣ በየዓመቱ ይገመግማል፣ ካስፈለገም ያሰናብታል። ገንዘቡና ንብረቱ በደንብ መያዙን ይከታተላል፤ የኦዲተሩን ሪፖርትም በቀጥታ ከኦዲተሩ አፍ ይሰማል። አምስተኛው፣ ለድርጅቱ ወዳጅና ገንዘብ ያፈላልጋል። ማን ሽንኩርት ይክተፍ፣ የትኛው አስጠኚ ይቀጠር የሚለው የአንቺ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በደንባችሁ ይጻፍ፦ ቦርድ ሥልጣን ያለው ተሰብስቦ ሲወስን ነው። ከስብሰባው የወጣ አንድ አባል፣ ሰብሳቢም ቢሆን፣ ብቻውን ሠራተኛ የማዘዝ ሥልጣን የለውም።

ሥራ አስኪያጇ፦ የምንሰበሰበው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ሪፖርቱን አነብላቸዋለሁ፣ ያጨበጭባሉ፣ ምሳ በልተን እንለያያለን።

ኦዲተሩ፦ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ተሰብሰቡ። አጀንዳውና የሂሳብ መግለጫው ከሳምንት በፊት ይድረሳቸው፤ በስብሰባው ዕለት ወረቀት የሚያድል ሥራ አስኪያጅ እንዲነበብለት አይፈልግም። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ አትወስኑ። ቃለ ጉባኤው ላይ ውሳኔው ብቻ ሳይሆን ማን እንደተቃወመና ለምን እንደተቃወመ ይጻፍ። የዚያን ሰውዬ ተቃውሞ ጽፋችሁታል?

ሥራ አስኪያጇ፦ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ኦዲተሩ፦ ምናልባት ከውሳኔው ይልቅ ያስቀየማቸው እሱ ይሆናል። ለልጆቹ ምሳ ስለምትገዙት ዱቄት ደግሞ ልጠይቅሽ። ከማን ነው የምትገዙት?

ሥራ አስኪያጇ፦ ከሰብሳቢያችን መጋዘን። በቅናሽ ነው የሚሰጠን።

ኦዲተሩ፦ ቅናሽ መሆኑን ማን አወዳደረ?

ሥራ አስኪያጇ፦ እሱ ነው የነገረን።

ኦዲተሩ፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ሰብሳቢው ጥቅም እንዳለው በጽሑፍ ያስታውቅ፤ በዱቄቱ ላይ ሲወሰን ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም ይመዝገብ። የእሱ ዋጋ ካሸነፈ ይሽጥላችሁ። ይህ እሱንም ከሐሜት ያድነዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባልበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ሰው የሚጠብቀው መብላቱን ነው። ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱ በወረቀት ካልታየ ከበሉት ጋር ይቆጠራል።

ሥራ አስኪያጇ፦ ቼኩንም ልንገርዎት እንግዲህ። ቼክ የሚወጣው በጥምር ፊርማ ነው፤ የእኔና የሰብሳቢው። እሱ ግን ለንግድ ክፍለ ሀገር ስለሚመላለስ ባዶ ቼኮች ላይ አስቀድሞ ፈርሞ ይተውልኛል።

ኦዲተሩ፦ ልጄ፣ እንግዲያው ጥምር ፊርማ የላችሁም፤ ያላችሁ የአንድ ሰው ፊርማና የሌላ ሰው ስም ነው። በሥራ ዘመኔ ገንዘብ ጠፍቶ ከተጠራሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የተዘረፉት በሌባ ብልጠት አልነበረም። በደግ ሰው መተማመን ነው የተከፈቱት። ሦስተኛ ፈራሚ ጨምሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ይፈርሙ። ክፍያ የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀው፣ የሚከፍለውና በመዝገብ የሚያሰፍረው አንድ ሰው አይሁን። ሠራተኞቻችሁ ጥቂት ስለሆኑ ይህን ሁሉ መለየት ያቅታችሁ ይሆናል። እንግዲያው የቦርዱ ገንዘብ ያዥ በየወሩ የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጥፋት ያስቀራል።

ሥራ አስኪያጇ፦ ለዚህ ሁሉ ደህና ሂሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ለሰጪዎቻችን «መቶ በመቶ ለልጆቹ ይደርሳል» እያልን ነው የምንለምነው።

ኦዲተሩ፦ ያንን ቃል ተይው፤ እውነት አይደለም። ሕጉ ራሱ የቤት ኪራይን፣ የኦዲት ክፍያን፣ የባንክ አገልግሎትን፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝን በአስተዳደር ወጪነት ያውቃቸዋል፤ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጡ ብቻ ነው ያለው። የአስጠኚዎችሽና የምግብ ሠሪዎችሽ ደመወዝ የፕሮጀክቱ ነው፤ በዚያው ይያዝ። ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ከልጆቹ አፍ መንጠቅ ይመስልሻል። ሂሳብ ባልተያዘበት ቤት ግን ከልጆቹ አፍ የሚነጠቀውን የሚያውቅ የለም። ለሰጪው እውነቱን ንገሪው፦ «ከመቶ ብርህ ይህን ያህሉ ምሳ ይሆናል፣ ይህን ያህሉ ምሳውን ይጠብቃል» በይው።

ሥራ አስኪያጇ፦ ወደ ኅዳሩ እንመለስ ጋሼ። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ሠራተኞቹ የቤት ኪራይ አለባቸው። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። መጽሐፉ የሚገዛው የካቲት ነው።

ኦዲተሩ፦ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ሦስት ነገር አደርግ ነበር። መጀመሪያ ለሰጪው ደብዳቤ ጽፌ አስፈቅዳለሁ፤ ሰጪዎች እውነቱ ቀድሞ ሲነገራቸው ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ሁለተኛ፣ በዚያው ሳምንት አስቸኳይ ስብሰባ እጠራለሁ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም እምቢ ካሉ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መዘግየቱን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ለመጽሐፍ የተሰጠ ገንዘብ የመጽሐፍ አደራ ነው። አንቺ ተክተሽዋል፤ ጥሩ። ሁለተኛው ዙር ባይመጣስ ኖሮ?

ሥራ አስኪያጇ፦ እሱን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ። የ2017ቱን አይተናል።

ኦዲተሩ፦ አዎ፣ አይተናል። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን ሲያግድ እዚህ ሥራቸው በአንድ ሳምንት የቆመባቸው ድርጅቶች ነበሩ። ሐኪም፣ አስተባባሪ፣ ሾፌር ቤቱ ገባ። በሰኔ ማብቂያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ያንን ውሳኔ የትኛውም ቦርድ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ነገር ግን በደጉ ዘመን «ይህ ገንዘብ ነገ ቢቀር ሥራው በምን ይቆማል?» ብሎ የሚጠይቅ ቦርድ ያላቸው ድርጅቶች ቢያንስ ሠራተኛውንና ተረጂውን በክብር ለማሰናበት ጊዜ አገኙ። የእናንተ ገቢ ከስንት በር ይገባል?

ሥራ አስኪያጇ፦ አብዛኛው ከአንድ ሰጪ ነው። እሱም ደግሞ ዘንድሮ «የንጽሕና ትምህርት ብትጨምሩ ገንዘቡን አሳድጋለሁ» ብሎናል። እኛ በዚያ ልምድ የለንም፤ ግን ገንዘቡ ያጓጓል።

ኦዲተሩ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ቦርዱ ዓላማውን ይጠብቃል ያልኩሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሰጪው በጠራሽ አቅጣጫ ሁሉ ከሄድሽ ከአምስት ዓመት በኋላ የድርጅትሽ ሥራ ምን እንደሆነ ለራስሽም ይጠፋሻል። በየወሩ መቶ መቶ ብር የሚያዋጡ የሰፈር ሰዎች፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የሠፈርሽ ልጆች፣ ሕጉ በፈቀደው መንገድ የሚሠራ ትንሽ ገቢ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ገንቢ። በዝግታ ነው የሚያድጉት። ግን በአንድ ደብዳቤ አይቆሙም። ከነሱም ላይ የሦስት ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ አስቀምጡ፤ ያን ጊዜ የመጽሐፉን ገንዘብ አትነኪም።

ሥራ አስኪያጇ፦ ስለ ተጠቃሚው የነገሩኝ ግን ከሁሉ በላይ ቆጠቆጠኝ። በሪፖርታችን የምንጽፈው የቀረበውን ምሳ ብዛት ነው።

ኦዲተሩ፦ ምሳው የታሰበው ልጁ ከትምህርት ገበታው እንዳይቀር ነበር። ስለዚህ የምትቆጥሪው መቅረቱንና አለመቅረቱን ይሁን። የክፍል ስም መጥሪያውን ከትምህርት ቤቱ ተዋሺ፤ ዘንድሮ ስንት ልጅ አቋረጠ፣ ስንቱ ማንበብ ቻለ? ያልተሳካውንም ጻፊ። ሰጪው ተሳካ ብቻ የሚል ሪፖርት ብዙ አንብቧል፤ የሚያምነው ያልሆነውን የሚነግረውን ነው። እናቶቹንም አንቺ በሌለሽበት ሌላ ሰው ያናግራቸው። ቅሬታ ያለው ሰው በቀጥታ ለቦርዱ የሚናገርበት መንገድ ይኑር። ከሁሉም በላይ ሁለት ወላጆች የቦርድ አባል ይሁኑ።

ሥራ አስኪያጇ፦ የበጀት ሰነድ ማንበብ ቢያቅታቸውስ?

ኦዲተሩ፦ የድንኳን ማሳጠቢያ ዋጋ የቆጠሩትን እናት ረሳሻቸው? ለእሳቸው ያልገባቸውን ሂሳብ እኔም በደንብ አልያዝኩትም ማለት ነው። ሂሳብ አዋቂ አንድ፣ ሕግ አዋቂ አንድ፣ የትምህርት ሰው አንድ፣ ወላጅ ሁለት፤ የሥራ ዘመናቸውም በደንቡ ይወሰን። አሁን ያሉት ጓደኞችሽ ወዳጅ ሆነው ይቀጥሉ፤ ገንዘብ ያሰባስቡልሽ፣ ያጽናኑሽ። ወንበሩን ግን ይልቀቁ።

ሥራ አስኪያጇ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እኔስ እስከ መቼ ነው?

ኦዲተሩ፦ ነገ ብትታመሚና ሦስት ወር ብትተኚ ማን ያበላቸዋል?

ሥራ አስኪያጇ፦ የባንኩን ምስጢር ቁጥር የማውቀው እኔ ነኝ። ሰጪዎቹም የሚያውቁት የእኔን ስልክ ነው። እንጃ።

ኦዲተሩ፦ ከዛሬ ጀምሪ። ምክትልሽን ለሰጪዎች አስተዋውቂ፤ ውሎችና የይለፍ ቃሎች በድርጅቱ ካዝና ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ክረምት አንድ ወር ሙሉ ዕረፍት ውጪና ቢሮ አትደውዪ። በዚያ ወር የሚጎድለው ነገር ሁሉ ገና ከአንቺ እጅ ወደ ድርጅቱ ያልተላለፈ ነው፤ ስትመለሺ አስተላልፊው። መቼ እንደምትለቂ ያን ጊዜ አንቺና ቦርዱ ተነጋግራችሁ ትወስናላችሁ።

ሥራ አስኪያጇ፦ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላማ ልለቅዎት አልችልም። ቦርዳችን ይግቡልን።

ኦዲተሩ፦ መልሴ እምቢ ነው፤ አዝናለሁ።

ሥራ አስኪያጇ፦ ለምን?

ኦዲተሩ፦ ክርስትና ያነሣሁሽ እኔ ነኝ። የኅዳሩን ነገር ስትነግሪኝ በልቤ መጀመሪያ የመጣው «ተክታዋለች እኮ» የሚል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ መርምሬ ላንቺ ሲሆን ልቤ አደላ። ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አልልም ነበር። ስለዚህ ያ ወንበር ለእኔ አይሆንም። መዝገብሽን ለማስተካከል የምትቀጥሪውን ሂሳብ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ላኪልኝ፤ ያለ ክፍያ አሠለጥነዋለሁ። ለወንበሩ ግን ሰው አለሽ።

ሥራ አስኪያጇ፦ ማን?

ኦዲተሩ፦ የለቀቁት ሰው። ነገ ጠዋት ቤታቸው ሂጂ። ስለ ገንዘቡ ሳይሆን «በሙሉ ድምፅ» ብላችሁ ስለጻፋችሁት ይቅርታ ጠይቂ፤ ቃለ ጉባኤው እንደሚታረምም ንገሪያቸው። ቼኩንም፣ ዱቄቱንም ራስሽ ንገሪያቸው።

ሥራ አስኪያጇ፦ አይመለሱም ቢሉስ?

ኦዲተሩ፦ ያኔ እንደሳቸው ያለ ሰው ፈልጊ፤ እምቢ ብሎሽ በማግሥቱ ሰላም የሚልሽ ሰው። ለጓደኞችሽም ይህን ንገሪልኝ፤ በየበጎ አድራጎቱ ቦርድ ስማችሁን ላስመዘገባችሁ ሁሉም ይድረስ፦ ያልገባችሁን ሂሳብ አታጽድቁ። ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሙ። መሥራቹን ስለምትወዱት ዝም አትበሉ። ልትጠይቁ ካልቻላችሁ ወንበሩን ለሚጠይቅ ልቀቁ፤ ከፊታችሁ የማይቀመጥ አንድ ልጅ ምሳውን ለእናንተ አደራ ሰጥቷል።